የሦስት ሰዓት ከሩቡ ትዕዛዝ

ሀፍሷ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ፣ በቀለም ብሩሽ በርበሬ እየጠረገች ነበር።

በርበሬ በረንዳ ላይ የሚውል ኮምፒውተር ዕጣው ይኼው ነው። ማራገቢያው ከአየር ይልቅ በርበሬ ይስባል፤ ጥቂት ወር ከሰነበተ ውስጡ እንደ ድልህ ማሰሮ ይቀላል። ሀፍሷ አፍንጫዋን በሂጃቧ ጫፍ ሸፍናለች። አልጠቀማትም።

አስነጠሳት።

"አልሐምዱሊላህ።"

"የርሐሙኪላህ!" አሉ ሐጂ ጀማለዲን ከጆንያዎቹ ማዶ። "ተይው ልጄ፣ እሱ ለምዶታል። የምትጎጂው አንቺ ነሽ።"

"ለምዶት ቢሆን እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር?"

ከቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣች። ባትሪዋ ደክማለች፤ በአዲስ መተካት አለባት። ቁራጭ ወረቀት ላይ አኖረቻት።

ሀፍሷን ወደዚህ ቤት ያመጣት ቪፒኤን ነው። ሐጂ ቅመም አከፋፋይ ናቸው። ሱቃቸው እዚህ በርበሬ በረንዳ፣ መጋዘናቸው ጭድ ተራ፣ መኖሪያቸው አማኑኤል ነው። የሦስቱ ቦታ ኮምፒውተሮች እንዲነጋገሩላቸው ፈለጉ፤ ንግግሩን ሌላ ሰው እንዲሰማው ግን አልፈለጉም።

"በመርካቶ ግርግር መሃል ለእርስዎ ብቻ የተሠራ ሽፍን መተላለፊያ ማለት ነው" ብላ አስረዳቻቸው። "ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል። ቁልፍ የሌለው አይገባም።"

ሐጂ ወደዱት። ችግሩ ማሽኖቹን ማዘጋጀቱ ላይ ነበር፤ ዘራቸው ብዙ ነው። ዊንዶውስ ያለባቸው በየእርምጃው "እርግጠኛ ነሽ?" እያሉ ይጨቀጭቃሉ። የሐጂ ልጅ የመሊካ ማክ፣ የማያውቀውን ፕሮግራም አላስገባም ብሎ በር ላይ ይቆማል። የመጋዘኑ አሮጌ ማሽን ላይ የጫነችው ሊኑክስ ያዘዙትን ብቻ ያደርጋል፤ ስህተት ቢያዙትም ያደርጋል። የሐጂ አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ባትሪ ልቆጥብ እያለ ቪፒኤኑን ያስተኛዋል። ሀፍሷ ሁሉንም እንደየጠባያቸው አግባብታ አንድ ቤት አስገባቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣው በስክሪን በሚመጣ ትዕዛዝ ሆነ።

ሐጂ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ለቀቁት።

"ዱባለ! የአዳማው ደንበኛ መኪና መንገድ ላይ ነው። ኮረሪማውን አዘጋጅ።"

ከጭድ ተራው መጋዘን የዱባለ ድምፅ መጣ።

"የቱን ኮረሪማ ሐጂ?"

"ስንት ኮረሪማ አለን?"

"አሁንማ ምንም የለን። ጠዋት እርስዎ አዘውኝ አስጫንኩት እኮ።"

"እኔ?"

"በስምዎ ነው የመጣው! በኮምፒውተሩ!"

ሐጂ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት። ከዚያ ሀፍሷን አዩ። ብሩሹ እጇ ላይ ቀረ።

*

የጭድ ተራው መጋዘን ውስጥ ኮረሪማው የነበረበት ቦታ ባዶ ወለል ሆኗል። ሽታው ግን አልሄደም።

ዱባለ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። በወዛደርነት ጀምሮ፣ በሐጂ ቤት ሸብቷል። የሚተኛውም እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ስክሪኑን በሁለት እጁ እንደ ልጅ ፊት ይዞ ቆሟል።

"ይኸው! ይኸው ትዕዛዙ! 'ለመጣው አይሱዙ ኮረሪማውን በሙሉ አስረክብ።' ስሙም የእርስዎ ነው።"

ሐጂ ያስጠሯት ኢንስፔክተር በለጥሻቸው የመጣችው ቆሎ እየቆረጠመች ነው። መነጽሯን ከአንገቷ ላይ አንስታ አደረገችና ስክሪኑን አነበበች።

"ሾፌሩን ታውቀዋለህ?"

"አይቼው አላውቅም። አማኑኤል አካባቢ የሚሠራ ነኝ ነው ያለኝ።"

"ትዕዛዙ የመጣው መቼ ነው?"

"ጠዋት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል፤ ይኸው።"

"ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እኔ ሱቅ ቆሜ ዝንጅብል እየሸጥኩ ነበር!" አሉ ሐጂ። "ምንም አላዘዝኩም!"

ኢንስፔክተሯ እጇን አነሳች።

"ቆይ ሐጂ። ኮምፒውተር በእኛ ሰዓት አይቆጥርም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ብሎ 'ኤኤም' የሚለውን የንጋት ምልክት ካደረገ፣ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ከሩብ ነው።" ወደ ዱባለ ዞረች። "በዚያ ሰዓት እዚህ ማን ነበር?"

"እኔ። ግን ተኝቼ!"

"ብቻህን?"

"ከአይጦቹ ጋር።"

ማንም አልሳቀም። ኢንስፔክተሯ ሀፍሷን ጠራቻት።

"አንቺ ነሽ ባለሙያዋ? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቪፒኤኑ ውስጥ ማን ማን ነበር?"

ሀፍሷ ላፕቶፗን ከፍታ አየች። ዝርዝሩን ደግማ አየችው። ሌሎቹ ማታ ማታ ይዘጋሉ። ያልተዘጋው አንድ ነው።

"የመጋዘኑ ማሽን ብቻ" አለች። መዋሸት አልቻለችበትም።

"ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይስ?"

"ጠዋትማ ሁሉም ገብተዋል። ቪፒኤኑ ማን ቤት ውስጥ እንዳለ ይናገራል እንጂ፣ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሠራ አያውቅም። የዕቃው ፕሮግራም ደግሞ አሮጌ ነው፤ ስምና የይለፍ ቃል ካገኘ ያምናል። ሰዓቱንም ከላኪው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚገለብጠው።"

"እንግዲህ ዱባለ በሌሊት በሐጂ ስም ለራሱ አዘዘ፤ ጠዋት አስጫነ።"

ዱባለ አልጮኸም። ኮፍያውን አውልቆ ሀፍሷን ተመለከታት።

"ልጄ፣ አንቺ ያስተማርሽኝን ብቻ ነው ያደረግሁት። ትዕዛዝ ሲመጣ እሺ በል አልሽኝ፤ እሺ አልኩ።"

ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዱን ሲይዘው የመጋዘኑን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። ሐጂ ሊቀበሉት አልደፈሩም። ሀፍሷ ተቀበለችው።

"ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል" አለች ኢንስፔክተሯ።

ሀፍሷ ያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። መርካቶ ውስጥ አንዴ "ዕቃ አጉድሏል" የተባለ ሰው ፍርድ ቤት ነፃ ቢያወጣው እንኳ ሌላ መጋዘን ቁልፍ አይሰጠውም። የዱባለን አንገት ያስያዘው ደግሞ የእሷ ቃል ነው።

*

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር በለጥሻቸው ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጥያቄዋን ቀጠለች። ሌባ አገኘሁ ብላ ሌላውን መጠየቅ የምትተው ሴት አይደለችም።

"የሐጂን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ማን ነው?"

መልሱ ከመንገዱ ማዶ፣ እርድ ከሚሸጡት ከእትዬ አበራሽ መጣ።

"እኔም አውቀዋለሁ! መሊካ ነው፤ በልጃቸው ስም! በቀን ሦስቴ ይረሱትና 'ምን ነበር?' እያሉ ወደ ቆጡ ይጮኻሉ እኮ!"

ሐጂ ጢማቸውን አሹ።

መሊካ ከአማኑኤል ማኳን በቦርሳ ይዛ መጥታለች፤ ኢንስፔክተሯ ወደ እሷ ዞረች።

"ከአባትሽ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።"

"ምን ተጣላን? የራሴን ሱቅ ልክፈት አልኩ፤ እምቢ አሉ። ለጥቂት ቀን በቪፒኤን ብቻ ተነጋገርን።"

"ጠዋት የት ነበርሽ?"

"ቤት። አባቴ አሳስተው የጻፉትን ዋጋ እያቃናሁ።"

ቀጥሎ የሐጂ የወንድም ልጅ ሙናዊር ተጠራ። ሻጭ ነው፤ ምላሱ ቅቤ፣ ልብሱ ሁልጊዜ አዲስ። ኢንስፔክተሯ ስትቀርበው ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ።

"ለምን ዘጋኸው?"

"ዝም ብዬ።"

"ግንባርህ ላይ ያለውስ?"

"በርበሬው ነው።"

"በርበሬ ያስነጥሳል እንጂ ላብ ያመጣል?"

"እኔን ያልበኛል።"

ኢንስፔክተሯ አተኩራ አየችው፤ ከዚያም በጠባቡ ደረጃ ወደ ቆጡ ወጣች። ሀፍሷ ተከተለቻት። እላይ ሂሳብ ሹሙ ኪዳነወልድ ለብቻው ተቀምጧል። ዕድሜው ገፍቷል፤ ከረባቱ ግን በደንብ የታሰረ ነው። ሁለቱን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገ።

"ይግቡ፣ ይግቡ! ሻይ ይምጣ? ዛሬስ እንግዳ ሞላልኝ!"

"ሻይ አልፈልግም። ጠዋት የት ነበሩ?"

"እዚሁ። የት እሄዳለሁ? እኔ ወደ ሰው አልሄድም፤ ሰው ነበር ወደ እኔ የሚመጣው።" ከመሳቢያው በጨርቅ የተጠቀለለ ማኅተም አወጣ። "ድሮ አንድ ጆንያ ከመጋዘን የሚወጣው ይቺን ተሳልሞ ነበር። ያኔ አንድ ፍሬ ኮረሪማ አልጠፋም። ማሽን ማመን ትርፉ ይኸው ነው። ሀፍሷ እንዳትቀየሚኝ።"

"ዱባለ የሰረቀ ይመስልዎታል?"

ኪዳነወልድ ማኅተሙን መልሶ ጠቀለለው።

"ዱባለ? የለም… ዱባለ አያደርገውም። ማሽኑ ነው። የማሽኑ ጥፋት ነው በሉ።"

"ማሽን አስሬ አላውቅም" አለችና ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወረደች።

*

በማግስቱ ማለዳ ሀፍሷ ሱቁን ከሐጂ ጋር ከፈተች። ሐጂ ሌሊቱን አልተኙም፤ ፊታቸው ያስታውቃል።

"ያን ቪፒኤን ንቀይልኝ" አሉ። "ከዱባለ ጋር ስንት ዘመን በወረቀት ኖረናል።"

"ሐጂ፣ እስከ ምሳ ብቻ ይታገሱኝ።"

"ምሳ ላይ ምን ይመጣል?"

"አላውቅም።"

ቢያንስ እውነቱን ተናግራለች። ትናንት ከፍታ የተወችውን ኮምፒውተር ሰካችና አስነሳችው። ሆዱ ገና እንደተከፈተ ነው። ተነሳ። ቪፒኤኑን ነካች።

አልገባም አለ።

ደግማ ነካች። እምቢ አለ። በቀይ መስመር የመጣውን ጽሑፍ አነበበችው፤ በአጭሩ "ይህ ቁልፍ የሚሠራበት ጊዜ ገና አልደረሰም" ይላል።

ሀፍሷ ወረቀቱ ላይ የተኛችውን ባትሪ አየች፤ ሳቋ መጣ። ባትሪዋ ከወጣች ማሽኑ ሰዓቱን ይረሳል። ረስቶም ወደተሠራበት ዘመን ተመልሷል። ቁልፉ ደግሞ የተሰጠው አምና ሳይሆን ባለፈው ወር ነው። ገና ያልተወለደ ቁልፍ ይዞ በር ያንኳኳል ማለት ነው።

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

ሰዓት።

ማሽን ሲዘጋጅ መጀመሪያ የምታቃናው ሰዓቱን ነው። ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን እንደሚጠርገው፣ ሳታስበው ታደርገዋለች። የምታቃናውም መርካቶ ውስጥ ግማሹ ኮምፒውተር በሐበሻ ሰዓት ስለሚሄድ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ሱቅ ከፍቶ ስክሪኑ "ዘጠኝ ሰዓት" ሲለው ይናደድና፣ ሰዓቱን በእጁ ጎትቶ ሦስት ላይ ያደርገዋል።

"ሐጂ!" አለች። "ትናንት ትክክል የነበሩት እርስዎ ነዎት!"

"በምኑ?"

መልስ ሳትሰጣቸው ወጣች። ጣቢያው ድረስ በጆንያ ተሸካሚዎች መሃል እየተሹለከለከች ሮጠች።

ኢንስፔክተር በለጥሻቸው ሰምታ እስክትጨርስ ቆሎዋን አልቆረጠመችም።

"ትዕዛዙ በሌሊት አልተጻፈም ነው የምትይኝ።"

"ጠዋት ነው የተጻፈው። ዱባለ እንዳለው። ግን ሰዓቱ በሐበሻ በተሞላ ማሽን ላይ ነው። የዱባለ ማሽን ይኼን ማድረግ አይችልም፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲጠይቅ አድርጌ አስሬዋለሁ። የመሊካ ማክና የሐጂ ስልክም ራሳቸው ይጠይቃሉ። የሱቁን ሰዓት የማየው እኔ ነኝ። የሚቀሩት ሁለት ላፕቶፖች ናቸው፤ የሙናዊርና የጋሼ ኪዳነወልድ። ሳዘጋጃቸው ሁለቱም በሐበሻ ሰዓት ነበሩ፤ አቃናኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ መልሶ ጎትቶታል።"

"ታዲያ ሐጂ ሳያውቁ ትክክል ነበሩ።"

"አዎ።"

"እኔ አውቄ ተሳሳትኩ።" ኢንስፔክተሯ ፈገግ አለች። "በይ እንሂድና ሰዓታቸውን እንያ።"

"ሰዓት ሊታይ ነው ከተባለ ማቃናት የአፍታ ሥራ ነው። ቁልፍ ልቀይር ነው ብል ግን ማንም አይደነግጥም፤ ሥራዬ ነው። የድሮው ቁልፍ ወር ስላለፈው ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረን ማሽን ያስገባል። አዲሱ ግን የሚጀምረው ከተሰጠበት ደቂቃ ነው። ያ ማሽን በር ላይ ይቀራል፤ በሁላችን ፊት።"

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ወደ ኮሪደሩም ጮክ ብላ፦

"ዱባለን አምጡልኝ! ከእኛ ጋር ይሄዳል።"

*

ስብሰባው ቆጡ ላይ ሆነ። ይህን የመረጠችው ኢንስፔክተሯ ናት፤ ከዚያ በአንድ ደረጃ ካልሆነ መውረጃ የለም።

ኪዳነወልድ በደስታ የሚያደርገውን አጣ። ወንበር አደለ፣ ለሐጂ የራሱን ለቀቀ፣ ወደ ታች ተጣርቶ ሻይ አዘዘ። ዱባለ ከፖሊሱ ጋር ብቅ ሲል ግን ትሪውን ይዞ ደረቀ። ዱባለ ጥግ ካለው ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

"ሰው ገብቶብን ነበር" አለች ሀፍሷ። "ስለዚህ የሁሉም ቁልፍ ይቀየራል። አዲሶቹን አሁን አውጥቻቸዋለሁ።"

የመሊካ ማክ ቀደመ። "ይኼን ፕሮግራም አላውቀውም" ብሎ ትንሽ ተግደረደረ፤ ፈቃድ ሲሰጠው ገባ።

"ሙናዊር።"

"የእኔ… ነገ ቢሆንስ?"

"አሁን" አለች ኢንስፔክተሯ።

ሙናዊር ላፕቶፑን ከፈተ። ሀፍሷ ቁልፉን ጫነች፤ ነካች።

አልገባም።

የሙናዊር ግንባር እንደ ትናንቱ በላብ ወረዛ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነሱ።

"የወንድሜ ልጅ!"

"ቆይ ሐጂ፣ ቆይ" አለች ሀፍሷ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበበች። "ይኼ የቁልፍ ጣጣ አይደለም። እዚህ ማሽን ላይ ሌላ ቪፒኤን አለ፤ ሁለቱ አንድ በር ላይ እየተጋፉ ነው። ሙናዊር፣ ይኼን ነፃ ቪፒኤን ለምን ጫንከው?"

"…ለኳስ።"

"ለምን?"

"ኳስ! የውጭ ጨዋታ! በእሱ ካልሆነ አይከፈትም! ደንበኛ ሲጠፋ ትንሽ አያለሁ፤ ይኸው፣ አሁንስ እሰሩኝ!"

ዱባለ ከሳጥኑ ላይ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ሐጂ ብቻ አልሳቁም።

"ደንበኛ ለምን እንደሚጠፋ አሁን ገባኝ" አሉ።

ሀፍሷ ሌላውን ቪፒኤን አነሳችው። የሙናዊር ማሽን ያለ አንድ ቃል ገባ። የሰዓቱንም ጥግ አየች፤ ልክ ነው።

"ጋሼ ኪዳነወልድ።"

"ይኸው ልጄ።" ላፕቶፑን በሁለት እጁ አቀረበላት። ከላዩ ላይ አቧራ የለም፤ እንደ ማኅተሙ በጨርቅ ይጠረጋል።

ቁልፉን ጫነች። ነካች።

ቀይ መስመር መጣ። ማለዳ ያየችው ጽሑፍ ነው፤ ይህ ቁልፍ የሚሠራበት ጊዜ ገና አልደረሰም።

"ምን አለ?" አለ ኪዳነወልድ። "አየሽ? ማሽን ማለት ይኼ ነው!"

"ጋሼ ኪዳነወልድ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

አጎንብሶ ስክሪኑን አየና በኩራት ተናገረ።

"አራት ሰዓት ተኩል።"

"ኮምፒውተርዎ ነው እንዲያ የሚለው?"

"ታዲያ ምን ሊል ኖሯል? አንቺ አሥር ተኩል አድርገሽው ሄደሽ እኔ ነኝ ያቃናሁት። ሂሳብ የሚሠራ ሰው ፀሐይ ከምትለው በስድስት ሰዓት የተዛባ ማሽን ፊት አይቀመጥም። ትክክለኛ ሰዓት የሚናገር በዚህ ቤት የእኔ ብቻ ነው!"

"ልክ ነዎት" አለች ሀፍሷ ቀስ ብላ። "የእርስዎ ብቻ ነው።"

ኢንስፔክተር በለጥሻቸው መነጽሯን አደረገች።

"ሦስት ሰዓት ከሩብ ብሎ ትዕዛዝ ሊጽፍ የሚችለውም የእርስዎ ብቻ ነው።"

የሻይ ትሪውን ወደ ጎን የሚገፋ እጅ ታየ። የኪዳነወልድ ነበር።

"ሰዓት… ሰዓት ምን ያረጋግጣል?"

"ብቻውን ብዙም አያረጋግጥም። ሾፌሩን ግን ሰዎቼ አማኑኤል ዙሪያ እየፈለጉት ነው። ሲያገኙት ማን እንደቀጠረው እጠይቀዋለሁ።"

ኪዳነወልድ ወደ ደረጃው አየ። የተናገረው ዱባለ ነው።

"ኪዳኔ" አለ። ቁጣ የለበትም፤ የገረመው ይመስላል። "ትናንት ማታ ጣቢያ ድረስ ሽሮ ይዞልኝ የመጣ አንተ ብቻ ነህ። እስክበላ ቆምክ። አንዴ እንኳ ግን ዐይኔን አላየህም። አመመው ብዬ አሰብኩ።"

ኪዳነወልድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከረባቱን ላላ አደረገው። ሀፍሷ ከረባቱ ሲላላ አይታ አታውቅም።

"አልሸጥኩትም" አለ። "አንድ ፍሬ አልጎደለም። አማኑኤል፣ ዘመዴ ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ነገ ስልክ አስደውዬ 'ተገኘ' ላስብል ነበር።"

"ታዲያ ለምን ወሰድከው?" አሉ ሐጂ። "እኔ ምን አጎደልኩብህ?"

"ምንም። ደመወዜን አልነካህም። ወንበሬን አልነካህም።" ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ተመለከተ። "ሰው አጎደልክብኝ። ድሮ ወዛደሩ፣ ሾፌሩ፣ ዱባለም፣ ሁሉም ለማኅተም ብሎ በዚህ ደረጃ ይወጣ ነበር። ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ሻይ ይጠጣል። ቪፒኤኑ ከገባ ወዲህ ማንም አልወጣም። እዚህ ቁጭ ብዬ የታችኛውን ሳቅ አዳምጣለሁ። አንድ ጊዜ ትልቅ ዕቃ በማሽኑ በኩል ቢጠፋ፣ ፈርተህ ወደ ማኅተሙ ትመለሳለህ አልኩ። ማሽኑ ይወቀሳል ብዬ ነው። ዱባለ ይያዛል አላልኩም።"

"ከተያዘ በኋላስ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

ኪዳነወልድ አንገቱን ደፋ።

"ከተያዘ በኋላ… ፈራሁ። ሽሮ ሠርቼ ሄድኩ።"

ከመንገዱ ማዶ የእትዬ አበራሽ ድምፅ ተሰማ፤ ከአንድ ደንበኛ ጋር በእርድ ዋጋ ይከራከራሉ።

"ኮረሪማው ተመለሰ ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም" አለች ኢንስፔክተሯ። "ንጹሕ ሰው ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ አድሯል። ቃልዎን ጣቢያ ይሰጣሉ፤ ቀሪውን ፍርድ ቤት ያየዋል። ዱባለ፣ አንተ ነፃ ነህ። ይቅርታም አለብኝ።"

ሀፍሷ ከኪሷ የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥታ ሰጠችው። ዱባለ ቁልፉን ሁለቴ በመዳፉ መዘነው፤ ከዚያ ኮፍያውን አደረገ።

ኪዳነወልድ ከፖሊሱ ጋር ደረጃው ጫፍ ሲደርስ ዱባለ ጠራው።

"ኪዳኔ! ዛሬ ማታ ራት የማመጣልህ እኔ ነኝ።"

ኪዳነወልድ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን አየው።

"ሽሮህ ግን ጨው በዝቶበታል" አለ ዱባለ። "ቀምሰህ ተማር።"

*

ኮረሪማው ከምሳ በኋላ ጭድ ተራ ተመለሰ። ዱባለ ወዛደሮቹን እየተቆጣ አስገባው፤ ቁጣው ከሩቅ ሲሰማ ዘፈን ይመስል ነበር። የአዳማው ደንበኛም ማርፈዱን እንጂ የሆነውን ሳያውቅ ጭኖ ሄደ።

ሀፍሷ በርበሬ በረንዳ ተመልሳ ከተከፈተው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች።

"ሐጂ፣ የይለፍ ቃልዎ አሁኑኑ ይቀየራል። ማንም የማያውቀው ይሁን።"

"ገባኝ፣ ገባኝ።" ሐጂ ትንሽ አሰቡና ለሰፈሩ ሁሉ ጮኹ። "ሪሃና ልበለው? ሁለተኛዋ ልጄ እንዳትቀየም!"

"ሪሃና፣ በትንሹ ፊደል ነው በትልቁ?" አሉ እትዬ አበራሽ ከማዶ።

ሙናዊር ጆንያ ላይ ተዘርሮ ሳቀ። ሀፍሷ ግንባሯን ያዘች።

"ቪፒኤኑስ ሐጂ? ልንቀለው?"

"ማን? እሱ ምን አጠፋ?" ሐጂ ወደ ቆጡ አዩ። ሻዩ እስካሁን እላይ ነው፤ ማንም አልጠጣውም። "ግን ከነገ ጀምሮ ቀትር ላይ እላይ ሻይ እንጠጣለን። ሁላችንም። ዱባለም ይመጣል። ይኼን ሰውዬ ሲፈቱት፣ ደረጃው ሰው የሚወጣበት ሆኖ ይጠብቀው።"

"የሂሳብ ሥራውን ይመልሱለታል ማለት ነው?"

"እሱን ሽማግሌ ያየዋል። ሻዩ ግን ሻይ ነው።"

ሀፍሷ አዲሷን ባትሪ በቦታዋ አስገባች፤ ጠቅ አለች። ማሽኑን አስነሳችና ቀኑን አቃናች፣ ሰዓቱን አቃናች። ቪፒኤኑን ስትነካው ምንም ሳይጠይቅ ገባ።

አጠፋችው። ጥግ ላይ የቀረችውን የበርበሬ ብናኝ በብሩሹ ጫፍ አወጣች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ አራቱን ብሎን አንድ በአንድ አጠበቀች። ኮምፒውተሩን ከመደርደሪያው ሥር ወደ ቦታው ገፋችው። ካቻቪቴውን ጠርጋ ሰገባው ውስጥ ከተተች።